በጫት መኪና የመጣው ቀዩ ካርድ

መኖሩን እንኳ ለማያውቅ ኩባንያ ጥብቅና የቆመ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የጭሮው ክቡር ህሩይ ይባላሉ። ጓደኞቻቸው አንተ ቢሏቸውም እኛ አንቱ ያልናቸው ለዕድሜያቸው ሳይሆን ለእውቀታቸው ነው።

የኮምፒውተር ጌምን ምስል የሚያሳምረው ካርድ ሁለት ተቀናቃኝ ሠሪዎች አሉት፤ ሰው በአርማቸው ቀለም አንዱን አረንጓዴው፣ ሌላውን ቀዩ ይላቸዋል። ክቡርነታቸው የአረንጓዴው ናቸው። በፎቶ ኮፒ ቤታቸውም፣ ጫት ሲቅሙ በርጫ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ያው ናቸው፦ "ቀይ ካርድ ከሜዳ ማስወጫ ነው!" አንዴ ቦርደዴ ከተማ ሠርግ ላይ የሙሽራው ወንድም ቀዩን ሲያደንቅ ሰምተው ምሳ ሳይቀርብ ተመልሰዋል።

ይህ ሁሉ ባለ ጌም ቤቱን አብራርን እንቅልፍ ነሳው። ደንበኞቹ ልጆች ህሩይ ያሉትን ነው የሚሉት። የትልቁ ኮምፒውተር ካርድ ከተቃጠለ ወዲህ አንድ በአንድ ወደ ታችኛው ሰፈር ጌም ቤት እየሄዱበት ነው። ድሬዳዋ ያለው አጎቱ ያገኘለት ደግሞ የቀዩን ብቻ ነው። ካልገዛ ቤቱ መዘጋቱ ነው፤ ከገዛ ህሩይ ይሰማሉ። እንግዲህ ፍረዱ። ገዛ፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ካርዱ እንደ ማንኛውም አስቸኳይ ዕቃ በጫት መኪና ተላከ። ጫኙ ጫቱ እንዳይጠወልግ መንገዱን ሙሉ ውሃ ሲረጭ የካርዱን ካርቶንም አልማረውም። አብራር የራሰውን ካርቶን እየከፈተ ነበር። በዚህ መሃል ህሩይ ገቡ።

ካርዱን ተቀብለው አርማውን አዩ። አብራር ስድቡን ጠበቀ።

"ርሷል፣ ህሩይ። ካልሠራ አለቀልኝ።"

"እንዳትሰካው። ሁለት ቀን ይደርቃል።"

"ሩዝ ውስጥ ልክተተው?"

"አቦ ተወኝ፣ ፓስታም ጨምርበት።"

ህሩይ ሁለቱን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤታቸውን ዘግተው ካርዱ አጠገብ ዋሉ። በለስላሳ ብሩሽ ጠረጉት፣ በጣታቸው ጫፍ እያገላበጡ ነፋስ አስመቱት። አብራር አንድ ዓይኑ ካርዱ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ልጆቹ ገብተው እንዳያዩት በሩ ላይ ነበር።

"በአረንጓዴው ስንት ዓመት ተጠቀምክ?" አለ፣ ጭንቀቱን ለመርሳት።

ህሩይ ብሩሹን አስቀመጡ። "ኮምፒውተር እኮ የለኝም" አሉ። "ካርድ በእጄ ስይዝ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።"

አብራር በእኚህ ሰው ሲሳቀቅ የኖረበት ዘመን ሁሉ ትዝ አለው፤ አሁን ግን አዘነላቸው።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ከትምህርት ሲወጡ ሰኩት። ስክሪኑ ጨለመ። አብራር "ያ ረቢ" እያለ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው በርቷል።

አንዱ ልጅ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ህሩይን ጠየቀ፦ "አረንጓዴው ነው ቀዩ?"

አብራር ወደ ህሩይ ዞረ።

"ካርድ ነው" አሉ ህሩይ። "ተጫወት።"

አብራር ግን ልጁን አስነሳውና ወንበሩን ለህሩይ ሰጠ።