የመካኒሳ አቦዋ የሆድ ሊቅ

ሰፈር ሁሉ አንድ ያልተሾመ ሐኪም አያጣም። ይህ ሐኪም ጋዋን የለው፣ ካርድ አያወጣ፣ ወረፋ አያስይዝ፤ እንዲያውም ሳይጠራ ነው የሚመጣው። መካኒሳ አቦ በዚህ በኩል የታደለ ሰፈር ነበር። የሕፃናት ሆድ ሊቅ የሆኑት ክብርት እትዬ አሰገደች የሚኖሩት እዚያ ነዋ።

ክብርትነታቸው የሚመረምሩት ሕፃኑን ሳይሆን የሽንት ጨርቁን ነው፤ ያውም ያልታጠበውን። ጨርቁን ይዘው ወደ ደጅ ይወጡና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው እንደ ደብዳቤ ያነቡታል። ይሄ የጥርስ ነው፣ ይሄ ደግሞ እናቱ ትናንት የበላችው ቃሪያ ነው እያሉ ይፈርዳሉ። ይግባኝ የለም። የሚያዙት መድኃኒትም ምንጊዜም አንድ ነው፤ ከላማቸው የተገኘ፣ ወይራ በታጠነ ቅል የረጋ እርጎ።

ስለ እርጎ የራሳቸው ትምህርት አላቸው። "ውስጡ ሠራተኞች አሉ፤ በዓይን አይታዩም እንጂ አሉ" ይላሉ። ሠራተኛ ደግሞ ሳይበላ አይሠራም። ስለዚህ ከእርጎው በኋላ ቀጠን ያለ የገብስ አጥሚት ወይም የተፈጨ ሙዝ ይታዘዛል። ይህ ምሳ ለሕፃኑ እንዳይመስላችሁ፤ ለሠራተኞቹ ነው።

ጎረቤታቸው ጸደንያ ይህን ሁሉ የምትሰማው ጥርሷን ነክሳ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ስለ ሕፃናት አያያዝ የሚናገር መጽሐፍ አላት፣ በቤቷ የማይቀቀል ዕቃ የለም። ባሏ ጌቱ የከባድ መኪና ሾፌር በመሆኑ ግማሹን ወር አሰብ መንገድ ላይ ነው። የአሥር ወር ልጇን ኖላዊን የምታሳድገው በመጽሐፉና በፈላ ውኃ ሲሆን፣ እትዬ አሰገደች ለእሷ የለየላቸው የእርጎ ዝንብ ናቸው።

አንድ ጊዜማ ተቀያይመዋል። እትዬ አሰገደች እርጎ ከነቅሉ ይልካሉ። ጸደንያም የሰው ዕቃ ሳይታጠብ አይመለስም ብላ ያደገች ልጅ ናትና፣ ቅሉን በፈላ ውኃና በኦሞ ፈትጋ፣ ሽታው እስኪጠፋ አጥባ መለሰችላቸው። ሴትዮዋ አፍንጫቸውን ቅሉ ውስጥ ከተቱ። ቅሉ ሥር ሆን ተብሎ የሚተወው ጥቂት እርጎ፣ ያ ስንት ዓመት ሙሉ የማግስቱን ወተት ሲያረጋ የኖረው እርሾ፣ የለም። "ሠራተኞቼን ፈጀሻቸው" አሉ ቀስ ብለው። ያኔ እርሻ ከነበረው ከጀሞ፣ ከዘመዳቸው ከነገሪ ቤት ሌላ እርሾ እስኪመጣላቸው ድረስ፣ ባገኙት ሰው ሁሉ ፊት ሐዘን እንደተቀመጠ ሰው ሲያዝኑ ከረሙ።

ታዲያ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ፣ ኖላዊን ተቅማጥ ያዘው። ጸደንያ ማንም ሳያይባት ጨርቁን በማለዳ እያጠበች ቤት ውስጥ ማስጣት ጀመረች። በሁለተኛው ቀን ግን ቤቱ አልበቃ አለና ሽቦው ላይ አወጣችው። ከአጥሩ ማዶ የእትዬ አሰገደች ድምፅ ተሰማ። የተሰጣውን ጨርቅ ቆጥረው "ዐሥራ አንድ" አሉ። ወዲያው እርጎ በኩባያ ይዘው፣ ግቡ እንኳ የሚላቸው ሳይኖር ገቡ።

ጸደንያ ክርክሯን አዘጋጅታ ነበር፤ ልጁን ስታይ ግን ክርክሩን ተወችው። በዚያ ሰዓት እንኳን እርጎ እሬትም ቢያዙላት ትሰጠው ነበር።

እትዬ አሰገደች ጨርቅ አልጠየቁም። ልጁን አቀፉት። ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ የአናቱ እርግብግቢት ወደ ውስጥ ገብቷል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ቢለቁት ቶሎ አልመለስ አለ። ኩባያቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

"እኔ ይሄን አላውቅም" አሉ። "ነጠላሽን አንሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።"

በዚያ ሁሉ የጉርብትና ዘመን እኚህን ሴት አላውቅም ሲሉ የሰማቸው ሰው የለም። ጸደንያን ከልጇ ዓይን ይልቅ ያስደነገጣት ይህ ቃል ነው። ጭቃውን እንዴት እንዳለፉት፣ ታክሲው ውስጥ ማን ቦታ እንደለቀቀላቸው ዛሬም አታስታውስም።

በጤና ጣቢያው የነበረው ጤና መኮንን በፍቃዱ ይባላል። ሕይወት አድን የሚባለውን ዱቄት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ በጥብጦ፣ በማንኪያ፣ ሳትቸኩሉ ስጡት አለ። ማንኪያውን እትዬ አሰገደች ወሰዱት፤ ወስደውም አልመለሱም። ልጁ ሲያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ጸደንያ ልተካዎት ስትላቸው በክርናቸው ገፋ ያደርጓታል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልሸናው ኖላዊ የእትዬ አሰገደችን አዲስ ቀሚስ በሽንቱ አራሰው። ቀና ብለው ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ተሳለሙ፣ ጸደንያም አለቀሰች።

ሊወጡ ሲሉ ሴትዮዋ ተማሪ በሚጠይቅበት ድምፅ ስለ እርጎ ጠየቁ። በፍቃዱ አልሳቀባቸውም። እርጎ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ተቅማጥ ያሳጥሩ እንደሆነ ውጭ አገር እየተጠና መሆኑን አንብቤያለሁ፣ ገና አልተቋጨም አላቸው። ልጁን የሚያድነው ፈሳሹ ነው፤ ጡቱም ምግቡም እንዳይቋረጥበት፤ ከፈላ ወተት በንጹሕ ዕቃ የረጋ እርጎ ግን ቢቀምስ አይከፋም ሲልም አከለ።

"ምሳቸውስ?" አሉ እትዬ አሰገደች።

"የማን?"

"የሠራተኞቹ ነዋ።"

በፍቃዱ ነገሩን ሲያስረዱት እሱንም የሚመራመሩበት አሉ ብሎ ሸኛቸው።

በሳምንቱ የሰፈሩ ውኃ መቅጃ ቦኖ ዘንድ ጀሪካን ተደርድሮ ወሬው ደርቷል። ኖላዊ በሦስት ማንኪያ እርጎ እንዴት ከሞት አፋፍ እንደተመለሰ እትዬ አሰገደች ይተርካሉ። በትረካው ውስጥ ጤና ጣቢያ የለም፤ ዱቄት የለም፤ በፍቃዱ የሚባል ሰውም አልተፈጠረም። ነገር መርማሪዋ ውብነሽ ግን ወደ ጸደንያ ዞረች።

"እውነት እርጎው ነው?"

እትዬ አሰገደች ጎንበስ ብለው የጀሪካናቸውን ክዳን መፈለግ ጀመሩ። ጸደንያ አየቻቸው። ኩባያቸውን አስቀምጠው አላውቅም ያሉትን ሴት ለሰፈሩ ብታሳየው ደስ ባላት ነበር፤ እሳቸው ግን ያቺን ሴት ከሰው ደብቀዋታል።

"እርጎው ነው" አለች። "እሳቸው ባይኖሩ ልጄ አልነበረም።"