ሊቀ መያዣ አሙኮያ

ዓለምን ብትዞሩ በየሰፈሩ አንድ አታጡም፤ ክብሪት ቢያውሳችሁ ጃኬታችሁን ካልያዘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። የእኛ የካካሜጋ ገበያ ድርሻውን ያገኘው በክቡር ሙዜ ዊክሊፍ አሙኮያ ነው፤ ሙዜ የምንለው ሽማግሌን ነው። ከስኳር ፋብሪካ በመጋዘን ኃላፊነት ጡረታ የወጡ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመጋዘኑ አንድ ኪሎ ስኳር አልጎደለባቸውም፤ ወዳጅም አላፈሩም። እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ሱቄ ከቤታቸው ፊት ለፊት ነው። የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ጥቂት ብጨምርበት ይቅር በሉኝ።

ከእሳቸው ጃንጥላ የተዋሰ ሰው የግራ ጫማውን አስይዞ በዝናብ እያነከሰ ይሄዳል። የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ከእሳቸው የመዝሙር መጽሐፍ ቢዋስ መነጽሩን ያዙበት። ሰውየው ያን እሑድ መጽሐፉን ገልጦ በቃሉ ዘመረ። ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ደግሞ ከጥሎሹ ሁለት ላም ስለጎደለ፣ ላሞቹ እስኪመጡ የሙሽራውን ታላቅ ወንድም እቤታቸው አስቀመጡት። አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። ደህና አድርገው አብልተውት ወፍሮ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ነው ገበያው ሊቀ መያዣ ብሎ የሾማቸው።

ቃሉን የሚሰጣቸው ሰው ግን ያናድዳቸዋል። "ቃልህን ለሚስትህ ስጣት፤ ለእኔ የሚያዝ ነገር አምጣ" ይሉታል።

ሰው ከሰው በስልክ የሚበዳደርበት የቢትኮይን ብድር ከተማችን ሲገባ ሌላው ሽማግሌ ሁሉ ሸሸው። እሳቸው ግን ልክ የአገራቸውን ልጅ ያገኙ ያህል ደስ አላቸው። ተበዳሪው የብድሩን እጥፍ የሚያወጣ ቢትኮይን ያስይዛል። የሚቆለፍበት ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ከተበዳሪው፣ አንዱ ከአበዳሪው፣ አንዱ ከሦስተኛ ሰው ዘንድ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይከፈታል። ዋጋው ወርዶ ከተስማሙበት መስመር ካለፈ አበዳሪው ይሸጠዋል፤ ልመና የለም። ቁልፍ የሚባለው ታዲያ በወረቀት ላይ የተጻፈ አሥራ ሁለት ቃል ነው። እንግዲህ እርስዎም በቃል ማበደር ጀመሩ ብዬ ብስቅባቸው አልሳቁም። "ይሄ የታሰረ ቃል ነው፣ ፈንዲ" አሉኝ። ጠጋኝ ሁሉ እኛ ዘንድ ፈንዲ ነው።

ሦስተኛውን ቁልፍ የሰጡት ለእኔ ነው። ታምኜ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ወዲያው የሞተር ሳይክሌን ሊብሬ ያዙብኝ።

ናፉላ የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። ከውጭ አገር የሚላክላትን የድምፅ ቅጂ እየሰማች በመተየብ አራት ዓመት ያጠራቀመችው ቢትኮይን ነበራት። ባሏ ሼም ኩላሊቱ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ልትሸጠው አልፈለገችም፤ የልጆቿ ትምህርት ቤት ነዋ። አሙኮያ ዘንድ አስይዛ ተበደረችና ሁሉንም ለሕክምናው አዋለችው። ሼም በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ሆስፒታሉ ቀሪው ሂሳብ ካልተከፈለ ሬሳውን አልሰጥም አለ። ለሬሳ ማቆያውም በየቀኑ ያስከፍላል።

በዚያው ሰሞን የቢትኮይን ዋጋ ይወርድ ጀመር። ሐሙስ ጠዋት መስመሩን አለፈ። አሙኮያ ወረቀታቸውን ይዘው ሱቄ ገቡና ያንተን አምጣ አሉኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ መሳቢያዬን ከፍቼ ነበር። ናፉላ የደረሰችው ያኔ ነው። የዋጋው መልእክት ለእሷም በስልኳ ደርሷታል። ጥቁር ለብሳለች፤ አላለቀሰችም፤ አልለመነችምም።

"ይሽጡት ሙዜ፤ ውላችን ነው" አለች። "ጊዜ ይስጡኝ እንዳልል የማስይዘው የለኝም። ያለኝን ሁሉ እርስዎ ይዘዋል፤ የቀረኝን እነሱ ይዘውታል።"

"እነማን? ምንሽን?"

"ሆስፒታሉ። ሼምን።"

መሞቱን ሰምተው ነበር፤ መያዙን ግን አልሰሙም። "ሰውን?" አሉ። እሳቸውም በጊዜያቸው ሰው ይዘዋል፤ እሳቸው የያዙት ግን ይበላ ነበር። ወረቀታቸውን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሞተርህን አስነሳ አሉኝ። ሦስታችንም በአንድ ሞተር ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።

ገንዘብ መክፈያው መስኮት ላይ ጨዋ የሆነ ወጣት ተቀምጧል። አሙኮያ ክርናቸውን አስደግፈው እንደ ሥራ ባልደረባ ያናግሩት ጀመር።

"አንተ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ መያዣ ስይዝ ኖሬያለሁ። መያዣ የሚያዘው ባለቤቱ ከፍሎ እንዲወስደው ነው። እናንተ የያዛችሁት በየቀኑ ይበላሻል፤ ዕዳው በየቀኑ ይጨምራል። ይሄን የመሰለ መያዣ ሌባ እንኳ አይቀበልም።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። መመሪያው ነው አለ። የመሬት ካርታ የሚያስይዝ ዘመድ ካለ ግን ሬሳው ይለቀቃል አለ።

አሙኮያ ቤታቸው ሄደው የግቢያቸውን ካርታ በላስቲክ እንደተጠቀለለ አመጡና በመስኮቱ አሾለኩት። ከዚያ እጃቸው ከልማድ ወደ ናፉላ ተዘረጋ። ጥቂት እንደተዘረጋ ቆየና ባዶውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከእሷ አንዲት ነገር አልያዙም። ሼም ቅዳሜ ከአባቱ ጎን ተቀበረ።

ቢትኮይኑን ሳንሸጥ ቆየን። ዋጋው ይመለሳል እያልኩ አጽናናቸው ነበር። አልተመለሰም። በመጨረሻ ናፉላ ራሷ ይሸጥ ብላ ስንሸጠው የብድሩን ግማሽ ብቻ ሸፈነ። የሆስፒታሉ ዕዳ ገና አላለቀም፤ ከምትተይብበት በየወሩ ጥቂት ጥቂት ትከፍላለች። ገበያው ደግሞ ሊቀ መያዣ በሬሳ ማበደር ጀመሩ እያለ ያወራል። ላስተባብል ስነሳ ከለከሉኝ።

"ተዋቸው። እውነቱን ከሰሙ ነገ ሁሉም ባዶ እጁን ነው የሚመጣ።"

ባለፈው ወር ሳንባቸው ታመመ። ልጃቸው ያለችው ሩቅ ስለሆነ ወደዚያው ሆስፒታል ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። አልጋ ለመያዝ ቅድሚያ ክፍያ ወይም የመሬት ካርታ ተጠየቁ። ካርታቸው እዚያው ሕንፃ ውስጥ በሼም ስም ተቀምጧል፤ ሌላ የላቸውም። እንግዲያው ዋስ ያስፈልጋል አለች ነርሷ። ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶ ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ነግሮኝ ነበር። ይህን ንፉግ፣ ነዝናዛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት እስክሪብቶውን ስቀበል ነው። ቢሞቱ እንዳይያዙብኝ ፈራሁ። ፈረምኩ።

ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው እያዩኝ ነበር።

"ፈንዲ፣ ምን ይዘህብኝ ነው የፈረምከው?"

"ምንም።"

"ሞኝ" አሉኝ። ከዚያ እጄን ያዙ፤ አልጋቸው ድረስም አልለቀቁኝም።