የፖላንድን ትልልቅ ሰዎች በቃሌ ይዤ

አበሻ ጉዳይ ሊያስፈጽም ሲወጣ ከእግሩ ዘመዱ ይቀድማል። «የእገሌ አብሮ አደግ ነኝ»፣ «የእንትና የክርስትና ልጅ አይደለሁም እንዴ?» ሳንል የምናንኳኳው በር የለም። እናንተ አታደርጉትም? እሺ፣ አታደርጉትም። እኔ አደርገዋለሁ። ችግሩ፣ ፖላንድ ውስጥ ማንን ልጥራ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቅመምና ነጠላ የምሸጥባት ሱቄ የኪራይ ውሏ፣ ሊዟ፣ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የሕንፃው ባለቤት ሚስተር ዛርኔትስኪ «ሐሙስ ነይና እንነጋገር» የምትል አንዲት መስመር ላኩልኝ። አንዲት መስመር! ሰው ደግ ሲያስብ እንዲህ አያሳጥርም። ከጎኔ የነበረው ሱቅ አምና እንዲህ ባለች መስመር ተጠርቶ፣ ዛሬ ቦታው የውሻ ፀጉር ቤት ሆኗል። ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍም እህልም እምቢ አለኝ፤ ኮረሪማ ለጠየቀኝ ጥቁር አዝሙድ እሰፍር ጀመር።

መላውን ያመጡት ጋሼ በላይ ናቸው፤ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ሲያስቆሙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከሱቄ በራፍ ወንበር የማይነሱ ሰው።

«ሰውዬው የት ነው የተወለደው?»

«ፖላንድ።»

«ሶ፣ ያገሩን ትልልቅ ሰዎች አጥኚና ግቢ። አገሩን ያወቀችለትን ሴት ማን ያስወጣል? እዚያው ሊዝሽን አድሶ ሪኒው ያደርግልሻል።»

«ባያደርጉልኝስ ጋሼ?»

«ኦኬ፣ ያኔ ወንበሬን ይዤ እሄዳለኋ!»

አዛኝ ቅቤ አንጓች።

ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ብሆንም መጽሐፍ አይፈራኝም፣ እኔም አልፈራውም። በአራት ቀን ፖላንድ የወለደቻቸውን ለቀምኳቸው፦ የከዋክብት ተመራማሪው፣ የፒያኖው ሊቅ፣ ሳይንቲስቷ፣ ጳጳሱ፣ ቦክሰኛው፣ የከንፈር ቀለም ነጋዴዋ ሳትቀር። ምላስ የሚያስሩ ስሞቻቸውን እንደ ውዳሴ ማርያም ጧት ማታ ደገምኩ።

ሐሙስ ባልድዊን ሂልስ፣ ከቤታቸው ገባሁ። ዘጠናን የተጠጉ ሽማግሌ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት። ወረቀቱ የሊዝ ይሁን የስንብት ከተቀመጥኩበት አይነበብም። «ሚስተር ዛርኔትስኪ» ብዬ ጀመርኩና አንድም ሳልዘል አወረድኩት። እሳቸው ብርድ ልብሳቸውን ያስተካክላሉ። ቦክሰኛው ጋ ስደርስ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«ጎበዝ፣ አጥንተሻል» አሉ በመጨረሻ። «የኔስ ስም ማን ነው?»

«ሚስተር ዛር...»

«እሱ የአያቴ ነው።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ! መንጃ ፈቃድ ላሳድስ ሄጄ በአያቴ ስም በጠሩኝ ቁጥር «አያቴ ሞተዋል፣ እኔን ጥሩኝ!» እያልኩ የምቆጣው ሴትዮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው አያት ስጠራ ኖሬያለሁ። ስልኬ ላይስ በምን የመዘገብኳቸው ይመስላችኋል? «ላንድሎርድ»። አከራይ ብቻ።

«ሄንሪክ» አሉ፣ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርገው። «ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ የሚጠራው የለም። ለአንድ ዓመት ፈርሜልሻለሁ። ልጆቼ ሕንፃው ይሸጥ ይላሉ፤ እኔ ካለፍኩ ግን ነገርሽ ከነሱ ጋር ነው።»

ስመለስ ጋሼ በላይ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ከሁሉ የትኛው ሠራልሽ?» አሉኝ።

«ያላጠናሁት።»

አሁን በየሐሙሱ እየደወልኩ «ሄንሪክ፣ እንዴት ሰነበቱ?» እላለሁ። ሲያስሉ እኔን ያመኛል፤ ፍቅር ይሁን ፍርሃት እግዜር ይወቀው። እስከዚያው የሦስቱን ልጆቻቸውን ስም በማጥናት ላይ ነኝ። የየራሳቸውን።