የሠላሳ አንድ ነርሶች አያት

በየመንደሩ፣ ነገር ሁሉ እሷ ባለችበት የሚሆን አንዲት ሴት አትጠፋም። መብረቅ ሲወድቅ ከእሷ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ነው የሚወድቀው። አውቶቡስ ሲገለበጥ፣ አንድ ፌርማታ ቀደም ብላ የወረደችው እሷ ናት። ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ ሲጠፋ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችውና "ፊቱ አላማረኝም" ያለችው እሷ ናት። ዕድሜ ልካችንን ኖረን አንዲት ወግ የማይወጣን ሰዎች፣ እንዲህ ያለችውን ሴት የምናያት፣ ባዶ ሰሃን የያዘ ሰው ሰሃኑን ሞልቶ የሚያልፈውን እንደሚያይ ነው።

ከፓላ ከተማ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ባለው መንደር፣ ይህን ሹመት ይዛ የኖረችው ክብርት ትሬስያ ናት። በአጥር የምትዋሰናት ደግሞ አናማ ናት። ሰሃኑ ባዶ የሆነባት።

"እኔ እዚያው ነበርኩ፤" ትላለች ትሬስያ፣ በጣቷ መሬቱን እየጠቆመች፣ ነገሩ የሆነው አሁን በቆመችበት ቦታ ይመስል። በበዓል ቀን የሂንዱዎቹ ቤተ መቅደስ ዝሆን ሰንሰለቱን በጥሶ ገበያውን ሲያተራምስ አናማም እዚያው ነበረች፤ ዓሣ ትመርጥ ነበር። ግን ያየችው የሚሮጥ ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ትሬስያ ከዝሆኑ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይታ፣ ዝሆኑ ማፈሩን አረጋግጣ ተመለሰች። ያው ገበያ፣ ያው ዝሆን። አናማ ከዚያ ቀን የተረፋት የተረገጠ ዓሣ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የጎላው ወግ ነው። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት በዝናቡ ወራት፣ ወንዙ መንገዱን ሲውጠው፣ ምጥ የያዛት ሴት በውኃ ተከባ ቀረች። ጀልባ የለም። ትሬስያ የቤተ ክርስቲያኑን የድግስ ጎላ፣ ያንን ሁለት ሰው የሚችል መዳብ፣ አስወጣች። ሴትየዋን ከውስጡ አስቀመጠች፣ ራሷም አጠገቧ ተቀመጠች፣ ጃንጥላ ዘረጋች፣ ተሻገሩ። ልጁ ማዶ ካለው ሐኪም ቤት በሰላም ተወለደ።

"መቅዘፊያ አልነበረንም፤" ትላለች ትሬስያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከኋላ የእግዚአብሔር እጅ ይገፋን ነበር።"

እዚህ ላይ አድማጩ ሁሉ ያማትባል። አናማም ታማትባለች፣ ጥርሷን ነክሳ። ከኋላ ይገፋ የነበረው እጅ የእሷ እጅ ነውና። እስከ አንገቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ያንን ጎላ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር የገፋችው አናማ ናት። በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ በየጥምቀቱ ያንን ወግ ስትሰማ፣ መጨረሻው ላይ "አናማ ገፋች" የምትል አንዲት ሐረግ ትጠብቃለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠበቀች። አልመጣችም።

ቢሆንም ችላው ኖራ ነበር። ነገሩ የከፋው የእንግሊዝኛው ፈተና ቤቷ ሲገባ ነው።

አናማ ያሳደገቻት የልጅ ልጅ፣ ጂንሲ፣ ነርስ ናት። አየርላንድ ያለ አንድ ሐኪም ቤት ሥራ ሰጥቷታል፤ የቀራት ፈተናው ብቻ ነው። ማዳመጡን አልፋለች፣ ማንበቡንም አልፋለች። ጽሑፉና ንግግሩ ግን ሁለት ጊዜ በግማሽ ግማሽ ነጥብ ጣሏት። ሐኪም ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቅሻለን፣ ከዚያ ወዲያ ቦታው የሌላ ሰው ነው ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ለፈተና ተቀመጠ። ጂንሲ "በላሽ ወይ?" ስትባል አርባ ሰከንድ ትመልሳለች፤ ምክንያት ትሰጣለች፣ ምሳሌም ትጨምራለች። ስልኳን ሰዓት አስይዛ፣ ዶሮዎቹን እየበተነች፣ ከኮኮናቱ ዛፍ እስከ ጉድጓዱ እየተመላለሰች ብቻዋን ታወራለች። በጎማ ዛፍ ሥር የሚያልፍ ሰው፣ ካላወቃት፣ አዝኖላት ነው የሚያልፈው።

አንድ ቀን የጽሑፍ ልምምዷን አናማ ጠረጴዛ ላይ አገኘችውና ምን እንደሚል ጠየቀቻት። ጂንሲ እየተረጎመች አነበበችላት። አረጋውያን ከቤተሰብ ጋር ቢኖሩ ይሻላል ወይስ በመጦሪያ ቤት? በአንድ በኩል የቤተሰብ ፍቅር አለ። በሌላ በኩል መጦሪያ ቤት ንጹሕ ነው፣ እኩያ አይጠፋም፣ ወጣቱም በነጻነት ሥራውን ይሠራል።

"እኔ በየትኛው በኩል ነኝ?" አለች አናማ።

"አማቺ፣" አለች ጂንሲ፤ አያቷን የምትጠራት እንዲህ ነው፤ "ሁለቱንም ወገን መጻፍ ግዴታ ነው። ነጥብ የሚሰጠው በሚዛኑ ነው።"

"ነጥቡን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

ይህም አለፈ። የማያልፈው ግን በሳምንቱ መጣ። በንግግሩ ፈተና አንድ ካርድ ይሰጥሽና ስለተጻፈበት ነገር ሁለት ደቂቃ ታወሪያለሽ። የዚያን ቀን ካርድ "የምታደንቂው አንድ አረጋዊ ሰው" ይላል። አናማ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ዓሣ ትፍቅ ነበር። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ የገዛ ቋንቋዋን ፊደል እንኳን የቆጠረችው ስልሳ ከሞላት በኋላ ነው። ግን ስም በየትም አገር ስም ነው። "ትሬስያ" የሚል ሰማች። እጇ ቆመ። ደግሞ "ትሬስያ" ሰማች። ቀና ስትል ጂንሲ፣ በገዛ እጇ ያሳደገቻት ልጅ፣ ባዶ እጇን ወደ ላይ አንስታ ጃንጥላ ትዘረጋለች።

በዚያ ቀን ምሳ ለጂንሲ የደረሳት የዓሣው ጅራት ነው።

የቋንቋ አስተማሪዋ፣ መምህር ባይጁ፣ ወጉን ሲሰሙ ጠረጴዛውን መቱ። እንዲህ ያለች አያት ያላት ተማሪ አትወድቅም አሉ። አያት የሌላትም ትውሰዳት አሉና ወጉን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ሠላሳ አንዱም ተማሪዎች፣ ሁሉም ነርሶች፣ ገለበጡት። እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሙዝ በእጃቸው ይዘው "አያታቸውን" ሊያዩ ወደ ትሬስያ ቤት ይጎርፉ ጀመር። ትሬስያም እንደየፍላጎታቸው አስተካከለችላቸው። "መዳብ" ማለት ለሚያስቸግራት ጎላውን የብረት አደረገችላት። ሁለት ደቂቃ ለማይሞላላት መንታ አስወለደችላት። አናማ በአጥሩ ቀዳዳ ቆጠረቻቸው። ሠላሳ አንድ። እሷ አንዲት ነበረቻት፤ ያቺም ከሠላሳ አንዱ አንዷ ናት።

እንዲህ ሆኖ ቢዘልቅ ትሬስያ በአየርላንድ ሐውልት ይቆምላት ነበር። ግን መጀመሪያ ተፈትነው ከኮቺ ከተማ የተመለሱት ልጆች ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። አንዷ ጎላ ማለት ስትጀምር ፈታኟ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ "ጃንጥላዋስ ምን ዓይነት ነበረች?" ብለዋታል። የንግግር ነጥባቸው ወረደ። መምህር ባይጁ ሰሌዳውን ጠርገው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም የየራሱን ሰው ያምጣ፣ ጎላ የሚባል ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳልሰማ አሉ። ለጂንሲ ፈተና የቀረው አምስት ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ ጂንሲ መጥታ አያቷ እግር ሥር ተቀመጠች። "አማቺ፣ ያንቺን ንገሪኝ" አለች።

አናማ ይህን ነበር ስትመኝ የኖረችው። እጇን ታጠበች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"በጠዋት እነሣ ነበር። የጎማ ዛፉን አድምቼ ወተቱን እቀዳለሁ። አበስላለሁ። እናትሽን ወለድኩ። እናትሽ ኩዌት ለሥራ ሄደች፣ አንቺን አሳደግኩ።"

ጂንሲ ስልኳን አየች። "አሥራ አራት ሰከንድ" አለች፣ ቀስ ብላ።

አናማ የቀረውን አንድ ነገር ታውቀዋለች። እሱንም ቢሆን ትሬስያ ወሰደችው፤ ወስዳም አልተወችም፣ ለሠላሳ አንድ ሰው በትና ጨረሰችው። ሽርጧን ጠበቅ አደረገችና ወደ አጥሩ ሄደች። ትሬስያ ደጃፏ ላይ ካሳቫ ትልጣለች።

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ዝም አልኩሽ። ጎላውን የገፋው ማን ነው?"

ትሬስያ ቢላዋዋን እንኳን አላስቀመጠችም። "አንቺ ነሻ።"

አናማ ለረጅም ክርክር ተዘጋጅታ ስለመጣች ትንሽ ተደናገረች። "ታዲያ የእግዚአብሔር እጅ፣ የእግዚአብሔር እጅ የምትዪው ምንድን ነው?"

"ምን ልበል? አንቺ አይደለሽም ያስማልሽኝ?"

"እኔ?"

"ማዶ ስንደርስ፣ አፍሽ በብርድ እየተንቀጠቀጠ። አማቴ ከሰማች ታባርረኛለች፣ በእናትሽ ሞት አትናገሪ አልሽኝ።"

አናማ አጥሩን ያዘች። ምጥ የያዛት ሴት የዚያ ቤት ልጅ ነበረች፤ የአናማ ባል ቤተሰብ በድንበር የተጣላው ቤት። አማቷ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ውኃ የተካፈለ ከቤቴ ይውጣ ብላ ምላ ነበር። አናማ በዚያ ቀን ከቤት የወጣችው የጠፋች ፍየል ልፈልግ ብላ ነው። አማቷ ሞተች፣ ድንበሩም በጎማ ዛፍ ተሸፍኖ ማንም ረሳው። አናማም መሐላውን አብራ ረሳችው።

"አማቴ እኮ ከሞተች ሃያ ዓመት ሆናት።"

"ታዲያ ከመሐላዬ ማን ፈታኝ?" አለች ትሬስያ፣ አሁን ቢላዋዋን አስቀምጣ። "አንቺ ይህን ወግ ያለ ስምሽ ማውራት ቀላል ይመስልሻል? ውኃው መሐል ስደርስ ሁልጊዜ ስምሽ ምላሴ ላይ ይመጣል። ስለዚህ እግዚአብሔርን አስገባሁት። እሱ አይቀየመኝም ብዬ ነው።"

አናማ አጥሩን ለቀቀች። የዝሆንን እፍረት እንኳን መደበቅ ያልቻለች ሴት፣ የመንደሩን ገመና ሁሉ ያለ ክዳን የያዘች ሴት፣ አንዲት ነገር ለሠላሳ ስምንት ዓመት ከድና አስቀመጠች፤ ያውም የእሷን። እውነቱን ለመናገር አናማ በዚህም ቀናች። እሷ ራሷ ይህን ያህል ዘመን የጠበቀችው ነገር የለም፤ ከቂሟ በቀር።

"ፈትቼሻለሁ፤" አለች። "ነይ ለልጅቷ ንገሪልኝ።"

"አንቺው ንገሪያት። እኔ ፊቴን ወደ ፊት አድርጌ ነበር የተቀመጥኩት። ከኋላ የነበረውን አላየሁም።" ትሬስያ ካሳቫዋን መልሳ አነሣች። "እዚያ አልነበርኩም።"

ይህን ቃል ከትሬስያ አፍ የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ የለም።

አናማ ተመልሳ ለጂንሲ ነገረቻት። ከኋላ የነበረው የጎላው ጥላሸት ነው፤ ጉንጯን እስኪያጠቁራት ተደግፋው ነበር። ማዶውን አታይም፣ ሰማዩንም አታይም። በአጠገቧ አንድ እባብ በኮኮናት ቅጠል ተሳፍሮ አለፈ። የምትሰማው የትሬስያን ድምፅ ብቻ ነው። ትሬስያ ለዚያች ሴት ስለ መብረቁ ታወራለች፣ ስለጠፋው ሙሽራ ታወራለች፣ አፏ አያርፍም። ሴትየዋ በምጡ መሐል ትስቃለች፤ ውኃውንም ዞራ አላየችም። "እኔም ያንን ድምፅ እየተከተልኩ ነው የገፋሁት፤" አለች አናማ። "ዝም ብትል ኖሮ ወዴት እንደምገፋ አላውቅም ነበር።"

ይህን ስትል ራሷም ገና መስማቷ ነበር።

ጂንሲ ስልኳን አየች። "አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። አማቺ፣ ያለኝ ሁለት ነው።"

"ቁረጪው።"

"ከየት ልቁረጥ?"

አናማ አሰበች። "ከትሬስያ ላይ።"

በፈተናው ቀን በንግግሩ ክፍል የመጣላት ካርድ "አንድ ሰው ሌላውን የረዳበት ጊዜ" የሚል ነበር። ጂንሲ ወንዙን ጠርታ ጎላው ላይ ስትደርስ ፈታኟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ያጠናችው ቃል ሁሉ ከራሷ ወጥቶ ሄደ። ቤት መጥታ እንደተናገረችው ያኔ ያለችው ይህንን ብቻ ነው፦ "ጎላውን ከእኔ በፊት ሰምተውታል። የገፋችውን ግን አልሰሙም። እሷ አያቴ ናት።" ፈታኟ እስክሪብቷቸውን አነሡ፤ ጂንሲም ቀጠለች። ሁለቱ ደቂቃ ያለቀው ውኃው መሐል ላይ ነው። ፈታኟ ቀና ብለው፣ "ደረሱ?" ብለው ጠየቋት።

ውጤቱ ሲመጣ ጽሑፉ ልክ በሚፈለገው ላይ ቆመ፤ ንግግሩ በግማሽ ነጥብ አለፈ።

የጉዞዋ ቀን ዘነበ። ወደ አውቶቡሱ የሚያወጣው ዳገት ጭቃ ሆኖ፣ ጂንሲ ሻንጣውን ከፊት ስትጎትት አናማ ከኋላ ትገፋለች። ክብርት ትሬስያ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከሁሉም ቀድማ ትሄዳለች፤ የልጅቷን ፈተና ለመንገደኛው ሁሉ እያወራች፣ ፈታኟን ዓይን ለዓይን ያየቻቸው እሷ ይመስል። ፌርማታው ላይ ሰው ከበባት። ወንዙን አስሞላችው፣ ጎላውን አስወጣችው፣ ውኃው መሐል ስትደርስም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ዞራ አናማን አየቻትና፦

"መቅዘፊያ አልነበረንም፤" አለች። "አናማ ነበረች ከኋላ የምትገፋው።"

ሰዎቹ አናማን አዩ። "እሺ" አሉ። አንድም ያማተበ የለም።

አናማ ያንን ሐረግ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠብቃው ነበር። አሁን ስትሰማው አጭር ሆነባት። ወደ ትሬስያ ጠጋ ብላ ጃንጥላዋ ሥር ገባችና፣ "የእግዚአብሔር እጅ ሲባል ይሻል ነበር" አለቻት በሹክሹክታ።

"ታዲያ የትኛውን ልበል አንቺ ሴትዮ?"

"ሁለቱንም በይ፤" አለች አናማ፣ የጭቃ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። "ነጥብ የሚሰጠው በሚዛኑ ነው።"