ባትሪ የማይበላ ማነጣጠሪያ

ወንድ ልጅ ሃምሳን ካለፈ በኋላ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የዕቃው ነው! ክር አልገባ ካለው መርፌው ቀዳዳው ጠብቦ ተሠርቷል፤ ጋዜጣ አልነበብ ካለው ቀለም ለመቆጠብ ብለው ፊደሉን አሳንሰውታል... አይሳቁ አንባቢዬ፤ እርስዎም ይህን ጽሑፍ ክንድዎን ዘርግተው አርቀው ይዘውት ይሆናል።

እኔ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ረጅም ሕንፃ ሱፐር ነኝ። ቧንቧ ሲፈስ፣ ሊፍት ሲቆም፣ የሚጠራው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሾትጋን ጠመንጃዬን ይዤ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ መተኮሻ ሜዳ እሄዳለሁ። ፈቃድ አለኝ፤ የምንተኩሰውም ነፍስ ያለውን አይደለም፣ ማሽን ወደ ሰማይ የሚወረውረውን የሸክላ ሳህን ነው። ባለቤቴ ዓለም ይህን የሰማች ቀን፣ ሳህን መስበር ከሆነ ዕቃ ስታጥብ የምትሰብረው መቼ አነሰና ነው አለችኝ።

አምስት ሐበሾች አንድ ቡድን ነን። መሪያችን ዮናስ ይባላል፤ በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ ጨዋ ነው። እንግዲህ ጨዋነቱ ነው ጉድ የሠራኝ። ከሃያ አምስት ሳህን ሃያውን እመታ የነበርኩት ሰውዬ ዘንድሮ ወደ አሥራ አንድ ወረድኩ። የመከር ውድድር ሲቃረብ ዮናስ ወደ ጎን ወሰድ አደረገኝና፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣

“ጋሼ፣ የእጅ ጽሑፍዎ በጣም ያምራል። ለውድድሩ ውጤት ቢመዘግቡልንስ?” አለኝ።

ገባዎት አይደል? ከቡድኑ ወጥተዋል ማለት ነው፣ በክብር! እውነቱን ልንገርዎትና አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ስድስቱን ቀን የተደፈነ የሰው ሽንት ቤት ስከፍት ከርሜ እኔም ሰው የምሆነው ቅዳሜ ነው። ውድድሩ እስኪደርስ አንድ ወር ነበረኝ፣ በዚያች ወር ውስጥ ቦታዬን ማስመለስ አለብኝ።

ጥፋቱ የማን ነው ታዲያ? የጠመንጃው! አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ ጠብታ፣ ያቺ ሚጢጢ ነሐስ፣ ደብዝዛ አልታይ ብላለች። ስለዚህ የሚያበራ ማነጣጠሪያ ልገዛ ቆረጥኩ። ጠመንጃው ላይ የሚታሰር ትንሽ መስታወት ነው፤ ሲያዩበት መሐሉ ላይ አንዲት ብሩህ ነጥብ ትታያለች። ዕውር ምን ይሻል? ብርሃን! እንዲሉ።

ባትሪ ያለው ግን ቤቴ አይገባም። የሕንፃውን ሁሉ የጭስ ደወል ባትሪ የምቀይር ሰው ነኝ፤ ያ “ጢጥ... ጢጥ” የሚለው ድምፅ በሕልሜም ይመጣል። ደግነቱ ያለ ባትሪ የሚሠራም አለ። ቀን የውጭውን ብርሃን በቀጭን ክር እየሰበሰበ ነጥቡን ያበራል፤ ሲጨልም ደግሞ ውስጡ በታሸገች የምታበራ ጋዝ ይሠራል። እሱኑ ስመርጥ አንድ ሳምንት ሙሉ ፈጀሁ። ቢጫ ነጥብ ይሻላል ወይስ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን? ትልቁ ወይስ ትንሹ? ዓለም፣ “እኔን ስትመርጥ ይህን ያህል አልፈጀብህም” ብላ ታዘበችኝ።

ቢጫውን ገዛሁ። መስታወቱን ብቻ ይዤ በሳሎኑ መስኮት ወደ ውጭ ሳይበት... ምን ልበልዎት! ክብ ነጥብ ነው የተባለው የፈረጠ የእንቁላል አስኳል መስሎ ቁጭ ብሏል። ዓለምን እዪልኝ አልኳት፤ አየችና ክብ ናት አለች። አላመንኳትም፤ እሷ ተኩሱን አትወድም፣ ቅዳሜ ቤት እንድውልላት ፈልጋ ነው። ስለዚህ ዮናስን ጠራሁት።

“ይኸው እይ፣ ተጨማዶ አልታየህም?” አልኩት።

ዮናስ አንዴ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣ “አዎ ጋሼ... ጅራት ነገር አለው” አለ።

ምስክር ካለኝ ምን እፈልጋለሁ? ሱቁ መልሼ ወስጄ ሪተርን አደረግኩት። አረንጓዴውን ሦስት ማዕዘን ወሰድኩ፤ እሱ ደግሞ የተረገጠ ቃሪያ ሆነብኝ። ዮናስ አሁንም አየና ጅራት አለው አለ። ዓለም በዚህኛው ጊዜ፣ ዓይንህን ብትታይስ አለችኝ፤ አምስት ዓመት የምትለው ነገር ነው። እኔም አምስት ዓመት እንደማደርገው ሰማሁና ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ባለሱቁ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ሦስተኛውን ማነጣጠሪያ እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፍቼ፣ ይኼም ያው ነው ብዬ ጮህኩ። ስልክህን አውጣና በካሜራው እይበት አለኝ፣ ረጋ ብሎ። ስልኬን መስታወቱ ላይ ደገንኩት... ነጥቧ ክብ! ድቡልቡል፣ ልቅም ያለች ምስር! ስልክ እንግዲህ ይሉኝታ የለውም።

“ዕቃው ደህና ነው ወዳጄ፣ ዓይንህን ታይ” አለኝ።

አፈርኩ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ ሰምተዋል። ሄጄ ታየሁ፤ ሐኪሟም የዓይንዎ ፊት ድቡልቡል መሆን ሲገባው ሞልሞል ብሏል፣ ብርሃን የሚበትንብዎት እሱ ነው አለችና መነጽር አዘዘችልኝ።

ከውድድሩ በፊት በነበረችው የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ማነጣጠሪያዬን አስሬ፣ መነጽሬን ሰክቼ ቆምኩ። ነጥቧ ክብ ናት። ግን ከነጥቧ ወዲያ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ፣ ያቺ ደበዘዘች ያልኳት የነሐስ ጠብታ ወለል ብላ ትታየኛለች! ከፋብሪካ አብራው የመጣችው! ማነጣጠሪያውን ፈታሁና ኪሴ ከተትኩት። በነሐሷ ብቻ ተኩሼ ከሃያ አምስቱ ሃያ ሦስቱን አወረድኳቸው።

ዮናስ ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። ጋሼ ቦታዎ ቦታዎ ነው አለኝ። ደስ አለኝ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እንባዬ ሁሉ መጥቶ ነበር። ግን ቂሜን አልረሳሁም።

“አንተ ልጅ፣ ለይሉኝታ ብለህ ዋሽተህ ሁለት ደህና ዕቃ አስመለስከኝ እኮ” አልኩት።

ዮናስ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አልዋሸሁም ጋሼ። እውነትም ጅራት አለው። እርስዎ ዕቃው ነው ስላሉኝ ነው ዝም ያልኩት።”

ለካስ የእኔን ቦታ ሲወስን የነበረው ዓይን ራሱ እንደ እኔው ሞልሟላ ኖሯል! እሱም ሳህን በሳተ ቁጥር በነፋሱ ነበር የሚያላክከው። ሰኞ ዕለት የሐኪሟን ስልክ ሰጠሁት።

እና አንባቢዬ፣ በሐሳብዎ የሚስማማ ሰው ሲያገኙ አይመኑት አልልም። ብቻ አስቀድመው ዓይኑን ያስመርምሩት።