አብሮ የሚበረው መካኒክ

[ጋምቤላ፣ ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.። ከባሮ ወንዝ አጠገብ ያለ የሣር ማኮብኮቢያ። ሞተሯ ገና የተጠገነ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ቆማለች። መካኒኩ ፒተርና የማኮብኮቢያው ዘበኛ ረታ ከክንፏ ጥላ ሥር እየተከራከሩ ነው።]

ፒተር፦ እሺ ረታ፣ አንተው ንገረኝ። የአንድ ሰው ሕይወት ምን ያህላል?

ረታ፦ የማን?

ፒተር፦ የማንም። በፍልስፍና ነው የምጠይቅህ።

ረታ፦ የማን እንደሆነች ካልታወቀማ ትንሽ ናት።

ፒተር፦ ጎሽ። ይህችን ትንሽ ነገር ይዘህ ኋለኛው ወንበር ላይ ብትቀመጥ ምን ይጎድልብሃል?

ረታ፦ አሃ፣ አሁን የእኔ ሆነች። እንግዲያው ትልቅ ናት።

ፒተር፦ ልጅ አትሁን። ሞተሩን ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው።

ረታ፦ ታዲያ ለምን አንተ አትቀመጥም? ካፒቴኑ ከጅማ በሬዲዮ ሲናገር ሰምቻለሁ እኮ። "ሞተር የፈታ መካኒክ በመጀመሪያው በረራ ከኋላዬ ይቀመጣል፤ ካልተቀመጠ እኔም አልነሣም" ነው ያለው።

ፒተር፦ ደንብ ነው። ጥሩ ደንብ ነው። መካኒክ ብሎን ሳያጠብቅ እንዳይሄድ ያደርጋል።

ረታ፦ አንተ አላጠበቅህም?

ፒተር፦ አጥብቄያለሁ። ችግሩ ብሎኑ አይደለም፣ ከፍታው ነው። የኔ ጭንቅላት ዕውቀት ስለበዛበት ከፍ ሲል ይከብደዋል። ያንተ ቀለል ያለ ነው።

ረታ፦ እሱስ እውነትህን ነው፤ ሚስቴም ትላለች። ግን ጓድ ፒተር፣ ይህን ሁሉ ዘመን አውሮፕላን ስትጠግን አንዴ እንኳ በርረህ ታውቃለህ?

ፒተር፦ ዓሣ ነጋዴ ዓሣ ሆኖ ያውቃል?

ረታ፦ አያውቅም።

ፒተር፦ በቃ።

ረታ፦ መዋኘት ግን ይዋኛል።

[ረታ ሰማዩን አየ።]

ረታ፦ ከላይ ሲሆኑ ወሎ ይታያል?

ፒተር፦ ወሎ?

ረታ፦ ለሰፈራ አቦቦ ካመጡን ወዲህ አገሬን አላየሁም። ይታያል ካልከኝ እቀመጣለሁ።

ፒተር፦ አየሩ ጥርት ካለ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው። ቤትህን ሁሉ ትለየዋለህ።

ረታ፦ ቤቴ እንኳ ጣሪያ የለውም።

ፒተር፦ እንዲያውም ውስጡ ይታይሃላ።

ረታ፦ ይሁን። ካፒቴኑ ቢያውቀኝስ?

ፒተር፦ ዛሬ ጠዋት ነው በመኪና የደረሰው። በሬዲዮ ድምፄን እንጂ ፊቴን አያውቅም። ቱታዬን ልበስ፣ ካፖርትህን ስጠኝ፤ አንተ መካኒክ፣ እኔ ዘበኛ። ብቻ አፍህን ዝጋ። ምንም ቢጠይቅህ አውራ ጣትህን አንሣ።

ረታ፦ ያለው ነገር ባይገባኝስ?

ፒተር፦ ያን ጊዜማ ቶሎ ብለህ አንሣ። ያልገባው ሰው ነው የሚያመነታው።

ረታ፦ አንተስ የት ትሆናለህ?

ፒተር፦ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲፈተሽ ጭራዋ እንዳይነሣ ሰው ይተኛበታል። ለዘበኛ የሚሆን ሥራ ነው። ፍተሻው ሲያልቅ እወርዳለሁ፣ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ እኔ መሬት ላይ ሆኜ እጸልይላችኋለሁ።

ረታ፦ እንደ ሰዓት ነው አላልክም?

ፒተር፦ ለሰዓትም ይጸለያል። ይህን ካፖርት በዚህ ፀሐይ እንዴት ነው የምትችለው?

ረታ፦ እስከ አንገትህ ቆልፈው። ቀበቶውንም እሰረው። ዘበኛ ካፖርቱን ከፍቶ አይታይም።

[ተለዋወጡ። ካፒቴኑ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ፤ ረታ ከኋላው ገባ። ፒተር ጭራዋ ላይ በሆዱ ተኛ። ሞተሩ ተነሣ፣ ሣሩ ሁሉ ተጋደመ።]

ፒተር፦ [እየጮኸ] ረታ፣ ድምፁ እንዴት ነው?

ረታ፦ [በመስኮት] ከፍ ያለ ነው።

ፒተር፦ በቃ፣ ፍተሻው አልቋል፣ ልውረድ። ቆይ፣ የካፖርትህ ቀበቶ የጭራው ሽቦ ላይ ተጠመጠመ።

ረታ፦ ካፒቴኑ አንድ ነገር ጠየቀኝ። "ዘበኛው ወርዷል?" ነው መሰለኝ ያለው።

ፒተር፦ አልወረደም በለው።

ረታ፦ ድምፄን ይሰማላ።

ፒተር፦ ይስማ፣ ተናገር።

ረታ፦ አሁን ነገሩ ግራ ገባኝ።

[ቶሎ ብሎ አውራ ጣቱን አነሣ። አውሮፕላኗ መንደርደር ጀመረች።]

ፒተር፦ ረታ፣ መካኒኩ እኔ ነኝ ብለህ ንገረው።

ረታ፦ ምን ቸገረህ፣ አብረኸን እየሄድክ እኮ ነው። ደንቡ ተሟላ።

[አውሮፕላኗ ጭራዋን እየጎተተች ከሣሩ ብድግ አለች።]

ረታ፦ ጓድ ፒተር፣ ወሎ በየት በኩል ነው?

ፒተር፦ ምንም አይታይም።

ረታ፦ ዓይንህን ስለጨፈንክ ነው።

ፒተር፦ ረታ፣ ወንድሜ፣ አውርዱኝ አልልም፤ እሱን ትቼዋለሁ። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ። በባሮ በኩል እንዳይዞር ብቻ ንገርልኝ።

[ካፒቴኑ ወደ ወንዙ እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ረታ ቶሎ ብሎ አውራ ጣቱን አነሣ። አውሮፕላኗ ወደ ባሮ ዞረች።]