የእትዬ አስካለ ፍቺ

ሰው እንግሊዝ አገር ሲመጣ ሙያው የሚቀየር ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ስወጣ የአንድ ወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬ ለንደን፣ ስትሪትሃም ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። ግን ባረፍኩ ቁጥር ያው ፎርም ነው የምሞላው። የካውንስል ፎርም፣ የቪዛ ፎርም፣ የልጆች ትምህርት ቤት ፎርም፤ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ይዞልኝ ይመጣል። ያኔ «ነገ ይምጡ» እያልኩ ሰው እመልስ ነበር። አሁን ሻይ ያቀርቡልኛል።

እትዬ አስካለ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ነው የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሰላም የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ እዚሁ ለንደን የተወለደች። እና ሰላም ልታገባ ሆነ። እትዬ አስካለ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባት የሌላትን ልጅ ቆሞ የሚድር የሥጋ ዘመድ። እሳቸውም አገር ቤት ያሉት ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ አበጀ ናቸው። ገበሬ ናቸው፣ ሚስታቸው ሞተዋል፣ የአባታቸውን መሬት የሚያርሱት እሳቸው ናቸው።

ቪዛ አፕላይ ልናደርግላቸው ተቀመጥን። መቼም ቪዛ ሰጪው የሚጨነቀው ሰውየው ይመለስ ይሆን ወይ ብሎ ነው። እኔም እንደ ባለሙያ መከርኩ፦ የመሬት ደብተራቸውን እዚያው አስተርጉመው ያስገቡ። ደብተር የምለው ወረዳው ለገበሬ የሚሰጠውን የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ስም አለበት፣ የማሳው ስፋት አለበት፣ ፎቶግራፍም አለበት። መሬት ያለው ሰው ማሳውን ጥሎ የት ይቀራል? ጋሽ አበጀ ስልክ ላይ ትንሽ አቅማሙ። «ሌላ ወረቀት አይበቃም ወይ?» አሉ። እኔ ትሕትና መሰለኝ።

መልሱ ሲመጣ እትዬ አስካለ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከልክለዋል። ምክንያቱን ሁለት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ቀና አልኩ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እትዬ። ጋሽ አበጀ ምንዎ ናቸው?»

«ወንድሜ ነዋ። የእናት ያባቴ ልጅ።»

«ደብዳቤው ባልዎ ናቸው ይላል።»

ድስቱን ከእሳቱ አወረዱና ተቀመጡ። «ደግመህ አንብበው» አሉ። ደገምኩት። አመልካቹ እኅቴን ልጠይቅ ነው የምሄደው ብለዋል፤ ያቀረቡት የመሬት ሰነድ ግን እኅት የተባሉት ሴት ሚስታቸው መሆናቸውን ያሳያል፤ ፎቶግራፋቸውም ከአመልካቹ ፎቶግራፍ ጎን ተለጥፏል፤ ስለዚህ የጉብኝቱን ዓላማ አላመንኩበትም ነው የሚለው። ቪዛ ሰጪው ምን አጠፋ? እኔም ብሆን አላምን።

በዚህ መሃል ሰላም ከሥራ ገባች። ነገሩን ነገርኳት። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ አንክልን ነው ያገባሽው?» አለች። እናቷ ስልካቸውን አንሥተው ደወሉና ሁላችንም እንድንሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አበጀ፣ አግብተኸኛል ወይ?»

«በወረቀት ነው፣ እታለም» አሉ ጋሽ አበጀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት መሬት ሊመዘግብ የቀበሌው ኮሚቴ ማሳው ድረስ መጣ። ጋሽ አበጀ እውነቱን ተናገሩ፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእኅቴ ነው፣ አባታችን ነው ያወረሰን። እኅትህ የት ናት? ለንደን። እንግዲያው ቀበሌው ውስጥ ስለማትኖር ድርሻዋ መሬት ለሌለው ይሰጣል አሏቸው። ለመኑ፣ ተለማመጡ። የኮሚቴው ሊቀመንበር አብሮ አደጋቸው ነውና አዘነላቸው። ቅጹን አገላብጦ አየው። ባል የሚል ቦታ አለ። ሚስት የሚል ቦታ አለ። እኅት የሚል የለም። የጋሽ አበጀ ሚስት ስለሞቱ ደግሞ ቦታው ባዶ ነው። «በቃ እዚህ እናስገባት» አለ።

ጋሽ አበጀ ፎቶ ላኪልኝ ብለው ደወሉ። እትዬ አስካለም የራሳቸው ደብተር የሚወጣላቸው መስሏቸው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ባቡር ጣቢያው ካለው የፎቶ ማሽን ገብተው ተነሡ። የሠርግ ፎቷቸው እሱ ነበር ማለት ነው።

«መሬትሽ እንዳይሄድ ብዬ ነው» አሉ ጋሽ አበጀ። «አገሩ ሁሉ ያውቃል። አንድም የሳቀ የለም።»

እኔ ብዙም አልገረመኝም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬበታለሁ። ባለጉዳይ ሲመጣ ማነው ብለን አንጨነቅም፤ የቱ መስመር ላይ ይገባል ነው ጥያቄው። መስመር ያልተገኘለት ወይ ይቀራል፣ ወይ ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ ራሴ አንድ መነኩሴን የአምስት ልጆች አባት አድርጌ መዝግቤያለሁ፤ የሟች ወንድማቸው ልጆች መሬት እንዳያጡ። መነኩሴው መርቀውኝ ነው የሄዱት።

እትዬ አስካለ ግን ዕረፍት አጡ። ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ተናዘዙ። ቄሱ በጥሞና ሰሙና «ከተጋባችሁ ስንት ዓመታችሁ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ለወረቀት የሚሆን ቀኖና እንደማያውቁ ተናግረው፣ ቶሎ አስፍቂው ብለው ሸኟቸው።

ጋሽ አበጀ ወረዳ ሄደው ሚስት የሚለው እኅት ተብሎ ይታረምልኝ አሉ። አይታረምም ተባሉ። ሚስት ከደብተር የምትወጣው ስትሞት ወይም ስትፈታ ነው። ሞቱ ይቀል ነበር። ጋሽ አበጀም ደውለው በጨዋ ደንብ ፈቃድ ጠየቁ። እትዬ አስካለ በቁሜ አልሞትም አሉ። ፍቺ ቀረ።

ፍርድ ቤቱ እንደ ደንቡ አስታራቂ ሽማግሌዎች ሰየመ። ሦስቱም እትዬ አስካለንና ወንድማቸውን ሲያሳድጉ የኖሩ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ደወሉላቸው። አጠገባቸው ነበርኩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ እርቅ አይሆንም ወይ?» አሉ አንደኛው።

«አባባ፣ እኔ ከአበጀ ጋራ ተጣልቼ አላውቅም።»

«እሱንማ እናውቃለን። ግን ተጣልተዋል ካላልን አያፋቷችሁም።»

እትዬ አስካለ እስከዚያ ድረስ አላለቀሱም ነበር። አሁን አለቀሱ። ያ ታናሽ ወንድማቸው እናታቸውን ቀብሮ፣ በየዓመቱ የድርሻቸውን እህል ለድሃ ዘመድ በስማቸው የሚሰጥ ልጅ ነው። «እንግዲያው ተጣልተናል ይበሉ» አሉ።

ሠርጉ ዌምብሊ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። ጋሽ አበጀ በስልክ መረቁ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ምርቃት ብቻ ሰማን። አባት ሆኜ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ በተከራየሁት ሱፍ። ሰላም እጄን ይዛ ስትራመድ እናቷ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ፍቺው የጸደቀው ከሠርጉ በኋላ ነው። ከዚያ ሕጉ ሥራውን ሠራ። ባልና ሚስት ሲፋቱ መሬት እኩል ይካፈላሉ። ሴትዮዋ የት ነው የምትኖረው ብሎ የጠየቀ የለም፤ በመዝገቡ ሚስት ናቸው፣ ሚስት ደግሞ ባሏ ዘንድ ነው የምትኖረው። ለእትዬ አስካለ በስማቸው ብቻ ደብተር ወጣ። ልጅ ሆነው የተነፈጉትን ፈት ሆነው አገኙ። ወረዳው በሴቶች በዓል ላይ፣ በፍቺ ጊዜ መብታቸውን ካስከበሩ ሴቶች መካከል ብሎ ስማቸውን አነበበ። ጋሽ አበጀ እዚያው ነበሩ። አጨበጨቡ።

ወሬው ለንደንን ዞረ። አንድ ቅዳሜ አንዲት ሴትዮ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከኤድመንተን፣ ባቡርና አውቶቡስ ቀያይረው መጡልኝ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያሽጉ ሰው ናቸው። አባታቸው ለእሳቸውና ለወንድማቸው ከተዉት መሬት የእሳቸው ድርሻ በምዝገባው ጊዜ ለሌላ ሰው ተሰጥቶባቸዋል። እኔም እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ እንግዲህ ከእኔ በላይ ባለሙያ የለም።

«ወንድምዎ ደብተሩ ላይ ምን ብለው ነው ያስገቡዎት?» አልኳቸው።

«የለሁበትም» አሉ። «ሚስቴ ናት በልና እናስገባት ብለውት ነበር። እግዜር ያያል፣ እኅቴን ሚስቴ አልልም ብሎ እንቢ አለ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ውሸት አይወድም» አሉ ሴትዮዋ። «ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም።»